ቤቱም መሬቱም

ሰኞ፣ ማርች 1፣ 2021

ጋሼ ሰይድ ዛሬም ደወለ። «ሰው ምን ይላል? የሰይድ እህት የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ገባች ይበሉ?» ይበሉ። ሳጥኑ ከነመሬቱ ነው አልኩት። ዘጋብኝ። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ወደዚህ አገር ያመጣኝ እሱ ነው፤ ግን ስልክ መዝጋት መቼ ነው የሚተወው?

ጭንቅላቴ ውስጥ ከሚዞር ልጻፈው። ቅዳሜ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ አንድ ሞባይል ሆም አየሁ። ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ በጭነት መኪና ተጎትቶ የመጣ፣ ረጅምና ጠባብ ቤት። በአንድ ዓመት ይበልጠኛል። እንዲህ ያለ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በኪራይ ቦታ ላይ ነው። ቤቱ ያንቺ፣ ከሥሩ ያለው መሬት የሌላ ሰው። ባለመሬቱ ኪራይ ሲጨምርብሽ ቤትሽን አዝለሽ የት ትሄጃለሽ? ይሄኛው ግን ከነመሬቱ ነው የሚሸጠው። አጥሩ፣ ጠጠሩ፣ ሁለቱ የሮማን ዛፎች፣ ሁሉም።

የቤቱ ባለቤት ዶሎረስ የሚባሉ ሴት ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ባላቸው ሞቷል፤ ልጃቸው ጋ አሪዞና ሊገቡ ነው።

ብሩክ፣ የቤት ግዢ ኤጀንቱ፣ «ይህን ያህል ላረጀ ቤት ባንክ አያበድርም» አለኝ፤ ሊያስፈራራኝ መሆኑ ነው። እኔ መጀመሪያውንስ ወለድ ውስጥ መቼ እገባለሁ? አሥራ አራት ዓመት የሆቴል አልጋ አንጥፌ ያስቀመጥኩት አለኝ። ኮሮና ሆቴሉን ሲዘጋው እንኳ አልነካሁትም፤ የሰው አስቤዛ እያደረስኩ ነው እኔና ልጄ የኖርነው።

ጊዜ ግን የለኝም። ፓራዳይዝ ሰፈር ያለውን አፓርታማችንን ሊያድሱት ነው፤ እስከ ማርች 20 ውጡ ብለውናል። ካልተሳካልኝ የሚቀረኝ ከከተማው ዳር ኮረብታ ላይ ያለው የጋሼ ቤት ነው። እንደመጣሁ ስምንት ወር ኖሬበታለሁ። ፍሪጅ ለመክፈት የማስፈቅድበት ቤት። አይደገምም።

ማክሰኞ፣ ማርች 2

ዶሎረስ እሺ አሉ!!

ብሩክ የደወለው አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ አንሶላ ስቀይር ነው። ማስኬ ውስጥ ሳቅሁ፤ ማንም አላየኝም። ከእኔ በላይ የሰጠ ሌላ ገዢ ነበር አለኝ። ቤቱን አፍርሶ መሬቱን የሚፈልግ ሰውዬ። ለምን እኔን እንደመረጡ ብሩክ አልገባውም።

እኔ ገብቶኛል። ቅዳሜ ልጄ፣ ሐናን፣ የቤቱን ፎቶ ስታነሣ እኔና ዶሎረስ በስፓኒሽ አወራን። ስፓኒሼ የሥራ ባልደረቦቼ ያስተማሩኝ ነው፦ አንሶላ፣ ፎጣ፣ አለቃዋ መጣች፣ ወገቤን። ስለ ወገብ ከተግባቡ ሌላው ቀላል ነው። እሳቸውም ሠላሳ ዓመት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሠርተዋል። እጃቸውን አሳዩኝ፣ የእኔን አሳየሁ። በቃ።

ሐሙስ፣ ማርች 4

ቤቱን የሚመረምረው ሰው መጣ። የተናገረው፦
የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ሲረግጡት ይሰምጣል።
በውሃ የሚያቀዘቅዘው የጣራ ማሽን ሞቷል። (ከጁን በፊት መሠራት አለበት፤ አለዚያ እኛም እንሞታለን።)
ሁለት መስኮት አይዘጋም።
ጣራው ደህና።

ቤቱ ሥር ግን አልገባም አለ። ጠባብ ነው፣ ሪፖርቱ ላይ «አልታየም» ብዬ እጽፋለሁ አለ። ዋናው ነገር እዚያ ነው፤ ቤቱን የተሸከሙት ብረቶች። የሥራ ጉልበት መከላከያዬን ታጠቅሁ፣ ሻሼን አጠበቅሁ፣ በሆዴ ገባሁ። ሐናን ውጭ ሆና «ማሚ ፕሊስ ውጪ፣ ስኮርፒዮን አለ!» እያለች ትጮሃለች። ጊንጥ የለም። የደረቀ የድመት አጥንት አለ። ብረቶቹን በባትሪ ከዳር እስከ ዳር አየሁ። ዝገቱን በቁልፍ ፋቅሁት። ከላይ ከላይ ነው፤ ውስጡ ጤነኛ ነው።

አቧራ ለብሼ ስወጣ ዶሎረስ በረንዳው ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ። ሰውዬው ጫማውን ያያል።

ዓርብ፣ ማርች 5

መጥፎ ቀን።

ለካ ሞባይል ሆም ሁለት ወረቀት ነው ያለው። የመሬቱ አንድ፣ የቤቱ ሌላ፣ ልክ እንደ መኪና። የመሬቱ በዶሎረስ ስም ነው። የቤቱ ግን እስካሁን በባላቸው በራሞን ስም ነው፤ ራሞን ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። እሱ ደግሞ ተነሥቶ አይፈርም።

ብሩክ፣ «ስሙን ማዞር ወራት ሊፈጅ ይችላል። ቀብድሽን ውሰጂና ሌላ እንፈልግ» አለኝ። ያኛው ገዢ እንደሆነ ቤቱን ስለሚያፈርሰው ወረቀቱ ግድ አይሰጠውም፤ ዛሬ መልሶ ደውሎላቸዋል።

ጋሼ ሰምቷል። ማን እንደነገረው አላውቅም። «አላህ ነው ያወጣሽ» አለኝ። አላህን በእኔ ጉዳይ ላይ ወኪል ማን አደረገህ ልለው ነበር። ዋጥኩት።

አልወጣም። እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ፤ አልወጣም።

ቅዳሜ፣ ማርች 6

በጠዋት ዶሎረስ ጋ ሄድኩ። ዓይናቸው አብጧል። «ሰውዬውን እሺ ልበለው እንዴ?» አሉኝ። ወረቀት ያለበትን ካርቶን ሁሉ ስጡኝ አልኳቸው።

አሥራ ሰባት ካርቶን። እሳቸው ወንበር ላይ፣ እኔ መሬት ላይ። የመብራት ደረሰኝ፣ የራሞን የጥርስ ራጅ፣ የሞተ ውሻ ክትባት። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የጋብቻ ወረቀታቸውን አገኘን። ቀጥሎ የሞት የምስክር ወረቀቱን። የቤቱ ታይትል፣ የባለቤትነት ወረቀቱ፣ ከልብስ ስፌት ማሽን መመሪያ ጋር አብሮ ታጥፎ ተገኘ። ዶሎረስ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ለጥፈው አለቀሱ። ራሞን ቤቱ የመጣ ቀን ከጭነት መኪናው ኋላ እየሮጠ መጣ አሉኝ፣ መንገድ ላይ የሚወድቅ ይመስል።

ወረቀቱን አልቀበልኳቸውም፤ በፖስታ አድርገው ራሳቸው ይያዙት። እኔ ገና ምንም አልገዛሁም።

ሰኞ፣ ማርች 8

የቤቱን ወረቀት ስም የሚያዞረው መሥሪያ ቤት በኮሮና ምክንያት በቀጠሮ ብቻ ነው። ምሳ ሰዓቴን በሙሉ ስልክ ላይ ሙዚቃ ስሰማ አለቀ። ሱፐርቫይዘሯ መጣችና «ዘሀራ፣ ክፍሎቹ?» አለች። አንድ እጄ ስልክ፣ አንድ እጄ ትራስ። በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሣች። ሁሉም ወረቀት ካለ ሁለት ሳምንት፣ ምናልባት ከዚያ በላይ አለች። ለረቡዕ ቀጠሮ ሰጠችን።

ሁለት ሳምንት ማለት ከማርች 20 በኋላ ነው።

ረቡዕ፣ ማርች 10

ዶሎረስን ይዤ ሄድኩ። ወረቀቱ ገባ። ማህተም። ዶሎረስ ፀሐፊዋን በመስታወቱ በኩል «ይቺ ሴት እንዳታረጅ ቶሎ በሉ» አሏት።

እሑድ፣ ማርች 14

ጋሼ አፓርታማው ድረስ መጣ። ሳይደውል። ሶፋው ላይ ሳይቀመጥ፣ የላይኛው ክፍል ተዘጋጅቷል፣ ዕቃሽን ቅዳሜ አመጣዋለሁ አለ። ተወስኗል ማለት ነው።

አልሄድም አልኩት።

«የት ልትወድቂ ነው? ያ ቤት ያንቺ አልሆነ። ወረቀቱ ባይመጣስ? እኔ ያመጣሁሽ መንገድ እንድትወድቂ ነው?»

በዚህ ጊዜ አልዋጥኩትም። «ጋሼ፣ አምጥተኸኛል። እስክሞት አልረሳውም። ግን ያመጣኸኝ ሰው ነኝ እንጂ ሻንጣ አይደለሁም።»

ሐናን ከመኝታ ቤቷ ብቅ ብላ «አጎቴ፣ ማሚ ራይት ናት» አለች። በዚያ በተሰበረ አማርኛዋ። ጋሼ እሷን ሲያይ ፊቱ ሊለሰልስ ነበር፤ መልሶ አጠነከረው። ውሃም ሳይጠጣ ሄደ። ለታላቅ ወንድሜ እንዲህ መልሼ አላውቅም። አልጸጸትም። ትንሽ እጸጸታለሁ። አይ፣ አልጸጸትም።

ሐሙስ፣ ማርች 18

ወረቀቱ አልመጣም። የሆቴል ማደሪያ ዋጋ ጠየቅሁ፤ ሆቴል አጽድቼ እየኖርኩ እኔው ሆቴል ልከራይ! ማታ ዶሎረስ ደወሉ። «ሁለት መኝታ ቤት አለኝ። እኔ አንዱ ላይ ነው የምተኛው» አሉ።

ብሩክ ሳይፈረም መግባት አይመከርም፣ ነገ ብትጣሉስ አለ። ከሰባ ስምንት ዓመት አሮጊት ጋር በምን ልጣላ?

እሑድ፣ ማርች 21

ትናንት ገባን። እንግዳ ሆነን፣ ገና ባልገዛነው ቤት። ሐናንና እኔ አንድ አልጋ ላይ። ነፋስ ነበር፤ ግድግዳው እየተንጣጣ አደረ። ሐናን «ሊሄድ ነው እንዴ?» አለች። ዶሎረስ ከማዶ ክፍል ሰምተው ሳቁ። አርባ አምስት ዓመት የትም አልሄደም አሉ።

ጠዋት ስሰግድ ሬዲዮናቸውን ቀነሱልኝ። አልጠየቅኋቸውም።

ረቡዕ፣ ማርች 24

ተፈረመ።

ትናንት ወረቀቱ መጣ፣ ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በሁለቱም ላይ ፈረምኩ፤ በቤቱም በመሬቱም። ብሩክ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ እኔ እንኳ ጠርጥሬ ነበር» አለ። አውቃለሁ፣ ብሩክ።

ከሰዓት በኋላ የዶሎረስ ልጅ በፒክአፕ መጣች። ዶሎረስ ወደ ኋላ አላዩም። መኪናው ሊነሣ ሲል ብቻ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ሮማኑን ዓርብ ዓርብ አጠጪው፣ ካበዛሽበት ፍሬው ይሰነጠቃል አሉኝ። በመስኮቱ በኩል አቀፍኳቸው፤ ኮሮናን ረሳነው።

አሁን ብቻዬን በረንዳው ላይ ተቀምጫለሁ። ሐናን ዕቃ ልትገዛ ወጥታለች። የመሬቱን ወረቀት ስንት ጊዜ አነበብኩት? ባለቤት፦ ዘሀራ ይማም። አባቴ ይማም ዕድሜውን ሙሉ የሰው መሬት አርሷል፤ መጀመሪያ የባላባት፣ ኋላ የመንግሥት። ስንዝር በስሙ ሳይኖረው ሞተ። ዛሬ ስሙ መሬት ላይ ተጽፏል፣ የት እንደሆነ ቢነግሩት በማያምነው በረሃ። የጋሼም ቤት ላይ ይሄው ስም አለ፤ ግን ከጎኑ ባንክ አለ። እዚህ አባባ ብቻውን ነው።

ይህን የመጨረሻውን ለጋሼ አልጻፍኩለትም። የወረቀቱን ፎቶ ብቻ ላክሁለት፣ የአባባ ስም ያለበትን መስመር አስጠግቼ።

መልእክቱ ሥር ያለችው ምልክት ሰማያዊ ሆናለች። አይቶታል። አንዴ መጻፍ ጀመረ፣ ተወው። እንደገና ጀመረ፣ ተወው።

ይጻፍ አይጻፍ የእሱ ጉዳይ ነው። ነገ ከሥራ ኦፍ ነኝ። የአጥሩን በር ቀለም እቀባለሁ፤ አረንጓዴ፣ ማንንም ሳላማክር።