ጥዷ ስትስቅ

ውድ ሴዴፍ፣

እንዴት ነሽ? ሙግላ ከተማስ እንዴት ይዞሻል? እኔ አጎትሽ ደህና ነኝ። ንዴቴም ደህና ነው፤ እንዲያውም ወፍሯል።

የደን ተቆጣጣሪ ሆነሽ ስትቀጠሪ ወደቡ ላይ የጨፈርኩት እኔ ነበርኩ። አንቺ ግን ከሰው ሁሉ መጀመሪያ የከለከልሽው እኔን ነው። ሠላሳ ዓመት መልሕቄን ከፊት እየጣልኩ፣ የኋላ ገመዴን ከጎባጣዋ ጥድ ጋር እያሰርኩ በማድርባት ትንሽ የባሕር ጉያ ውስጥ «ጀልባ ከዛፍ ጋር ማሰር ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተከልሽ። በምትኩ አንድ የብረት ችካል። ለመሆኑ ችካሉን የተከለው ሰው ጀልባ አይቶ ያውቃል? በሥዕልም ቢሆን?

በጸደይ «አጎቴ፣ ዛፏን እያነቅካት ነው» ስትዪኝ፣ ሰው ፊት «ቋጠሮ ያስተማረሽ ማን ሆነና!» ብዬ አሳቅኩብሽ። ሻይሽን ሳትጨርሺ ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ ስልክ የለ፣ ሰላምታ የለ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ በጀልባዬ አሥራ ሁለት እንግዶች ይዤ እዚያው ገባሁ። የቀሩት ጉያዎች በጀልባ ሞልተዋል። መልሕቅ ጣልኩ፤ የባሕሩ ሣር ላይ ተንሸራተተ። ደገምኩ፤ አሁንም ተንሸራተተ። በሦስተኛው ያዘልኝ። ችካልሽ ግን ያለቦታው ነውና፣ ገመዱን እዚያ ስናስረው ጀልባዋ ጎኗን ለነፋስ ሰጥታ ወደ ዐለቱ ትሄድ ጀመር።

ረዳቴ ሁርሺት ገመዱን ይዞ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጮኻል፦ «ካፒቴን! ከጥዷ ጋር ልሰረው? ሴዴፍ እንደሆነች የለችም!»

«እሰር! ከመጣች ካፒቴኑ ሰጥሟል በላት!»

አሰረ። ተረፍን።

ነፋሱ ሲበርድ ሰሌዳሽን ልነቅል ዋኝቼ ወጣሁ። እውነቴን ነው፣ ልነቅል ነበር። ገመዴ ጥዷን ሠላሳ ዓመት የበላበትን ቦታ ያየሁት ያኔ ነው። እጄን ከተትኩት፤ እስከ አንጓዬ ገባ። ከላዩ ቅርፊቱ ተነስቷል፤ በዚያ በኩል ያሉት ቅርንጫፎች ደርቀዋል።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሽ እዚያው ቦታ ጣትሽን አድርገሽ «አጎቴ፣ አያማትም?» ብለሽኝ ነበር።

«ኧረ ይኮረኩራታል! ትስቃለች።»

«ታዲያ ይሄ የሚፈሰው ምንድን ነው?»

«ሙጫ ነዋ! ከሳቋ ብዛት ያነባችው እንባ።»

ሴዴፍ፣ እየሳቀች አልነበረም።

ገመዱን ራሴ ፈታሁ። እየተራገምኩ ከችካልሽ ጋር አሰርኩት፤ ሌሊቱን ሙሉ እንግዶቼን እንደ ሕፃን ሲያወዛውዛቸው አደረ። ስለዚህ ችካሉን ሃያ እርምጃ ወደ ግራ አዛውሪልኝ። ሌላ ሰው አትላኪ፣ ራስሽ ነይ። ገመዱን ከጀልባ እወረውርልሻለሁ፤ ቋጠሮው ጠፍቶሽ እንደሆነ አያለሁ።

ሰሌዳሽን አልነቀልኩትም። ከጽሑፉ ሥር ግን በከሰል ሁለት ቃል ጨምሬበታለሁ፦ «በተለይ ለሩስተም።»

ግትሩ አጎትሽ፣
ሩስተም