ደጅ የሌለው ጎማ ሻጭ

ለምወድሽ ልጄ ለሲፋን ጉርሙ፤ ጅግጅጋ።

ጤናሽ እንዴት ነው ልጄ? ባለቤትሽ ለሜሳስ እንዴት ነው? የልጅ ልጄ ሴና ጥርስ አወጣች ወይስ ገና ድድ ብቻ ናት? የጅግጅጋ ነፋስስ አሁንም አቧራውን ይዞ ቤት ይገባል? የሆስፒታሉ የሌሊት ተራ እንዳያከሳሽ እሰጋለሁ፤ በሽተኛው ሲተኛ አንቺም ትንሽ ጋደም በይ። እኔ አምላክ ይመስገን ከናፍቆትሽና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የሚያመኝ ዝናብ ሲጥል ብቻ ነው። መቱ ላይ ዝናብ የማይጥልበት ቀን ስንት እንደሆነ ግን አንቺው ታውቂዋለሽ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን ስልክ ላይ «አባዬ ቆይ፣ አባዬ ስማኝ» እያልሽ ታቋርጪኛለሽ። ወረቀት አያቋርጥም። ፊደሌ የመሠረተ ትምህርት ፊደል ስለሆነ የተንጋደደውን እያቃናሽ አንብቢ፤ ለሜሳ ግን አይየው።

ከስሬ የተቃጠልኩት በጎማ ነው። የመኪናችን የዲኤክሷ ጎማ ማለቁን ክረምት ሲገባ ነግሬሽ ነበር። እንደ እኔ አናት ልሙጥ ሆኖ ነበር። መስከረም ላይ ትራፊኩ አስቆመኝና «አባባ፣ በዚህ ጎማ ከመቱ ከወጡ ታርጋዎን እፈታለሁ» አለኝ። የእናትሽ ሁለተኛ ሙት ዓመት ደግሞ ጥቅምት ላይ ነው፤ መቃብሯ ያለው ጎሬ ነው። እኔ እናትሽ ሻሽቱ ዘንድ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቄ፣ ድፎ ዳቦዋን ጉልበቴ ላይ አቅፌ አልሄድም ብዬ ምያለሁ። ገበያም ሠርግም ክርስትናም በዲኤክሷ ነው ያመላለስኳት፤ ሙት ዓመቷንም የማወጣው በዲኤክሷ ነው።

መቱ ውስጥ ደህና ጎማ የሚሸጠው ያው አጎትሽ ኩማ ነው። እሱ ጋ ለምን እንደማልሄድ ታውቂያለሽ። በእናትሽ አርባ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይቺን መኪና ሽጣት፤ ዓይንህ አህያና ቄስ አይለይም» ያለኝን አልረሳሁም። ለታላቁ፣ ለእህቱ ባል፣ አንተ! ቄሱም ሰምተው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ በሱቁ በኩል ሳልፍ የማየው ወደ ማዶ ነው።

ስለዚህ ግቢያችን የተከራየችውን ቢሊሴን፣ ዞን የምትሠራዋን፣ «በዚህ ስልክሽ ጎማ ይሸጣል አሉ፤ እስቲ አውጪልኝ» አልኳት። አወጣችልኝ። አንዱ ሥዕል ላይ ቀይ መኪና ኩርባ ላይ ጭስ እያስነሳች ትታጠፋለች። ከሥሩ «ለፍጥነት የተሠራ፣ ኩርባ ላይ የማይንሸራተት» ይላል። ልጄ፣ የጎሬ መንገድ ከኩርባ ሌላ ምን አለው? የእኔ ጎማ ይሄ ነው አልኩ። ቢሊሴ «ጋሼ፣ ይሄ ለእሽቅድድም መኪና ነው፤ እርስዎ ከማን ጋር ሊሽቀዳደሙ ነው?» ብላ ልትስቅብኝ ዳዳት። «ከሞት ጋር» አልኳት። ሳቋን ውጣ ለሻጩ ጻፈችለት።

ሻጩ «የመኪናው ሞዴል ስንት ነው?» ብሎ ጻፈ። «ዘጠና ስምንት በዪው» አልኳት። ዲኤክሷን የገዛሁት በዘጠና ስምንት ነው፤ አንቺ ስምንተኛ ክፍል ነበርሽ፣ እናትሽ መስተዋቱ ላይ መስቀል ያንጠለጠለች ዕለት ትዝ ይልሻል። ቢሊሴ ግን «ጋሼ፣ የሚጠየቀው የተገዛችበት ሳይሆን የተሠራችበት ዓመት ነው፤ እሱም በፈረንጅ» አለችኝ። እዚሁ አገሬ ላይ እየሸጠ በማን አቆጣጠር ነው የሚጠይቀኝ? «የነገርኩሽን ጻፊ!» አልኳት፤ ጻፈች። ገንዘቡንም ላክሁ። ስንት እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ጎማዎቹ አውቶቡስ አናት ላይ ታስረው መጡ። ሲያምሩ ብታዪ! ጎሚስታው ጋ እየነዳሁ ወሰድኳቸው። አንዱን አንስቶ የዲኤክሷ ቸርኬ አጠገብ ሲያቆመው የአባት ጫማ በልጅ እግር ሆነ። «አባባ፣ እነዚህን ለማሰር ሌላ መኪና ቢገዙ ይቀልዎታል» አለኝ። እዚያ የቆመ ባለ ባጃጅ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ቢሊሴ ለሻጩ ጻፈችለት። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ። ሱቅህ የት ነው ብንለው «ኦንላይን ነን» አለ። ኦንላይን ማለት ደጅ የለኝም ማለት እንደሆነ ቢሊሴ አስረዳችኝ። እኔም የተበደለ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ሽማግሌ ሰበሰብኩ። ጋሼ ዲንቃ መጡ፤ ከሶር ወንዝ በኩል ደግሞ ያ የወሎው ወዳጄ ሙከሚል መጣ። ግቢያችን ባለው ዋንዛ ሥር ተቀመጡና ቢሊሴ ስልኩን እንደ ታቦት በሁለት እጇ ያዘችላቸው።

ጋሼ ዲንቃ ኮፍያቸውን አውልቀው በኦሮምኛ መረቁት፤ ልጁንም፣ ንግዱንም፣ ከብት ካለውም ከብቱን። ከዚያ በአማርኛ የማን ልጅ እንደሆኑ ከአያታቸው ጀምረው ነገሩት። ሙከሚል ቀጠለና «ልጄ፣ ጥፋቱን ግማሹን ጉርሙ ይውሰድ፣ ግማሹን አንተ ውሰድ፤ አላህ ይክፈልህ» አለው። ድምፃቸው ተላከ። ሦስታችንም ስልኩን ከበን ጠበቅን። መልስ ብሎ የላከው ምን መሰለሽ? ቢጫ አውራ ጣት! ቃል የለ፣ ሰላምታ የለ፣ ቀጥ ያለ አውራ ጣት። ቢሊሴ ደግማ ብትጽፍለት ጭራሽ ዘግቷት ጠፋ።

ጋሼ ዲንቃ ፊታቸው ጠቆረ። «እኔ የደም እርቅ ያስታረቅሁ ሰው ነኝ። ነፍስ ያጠፋ ሰው እንኳ ለእኔ ከመቀመጫው ተነስቷል። ይሄ አውራ ጣቱን ያነሳብኛል?» አሉ። ሙከሚል «ጋሼ፣ እሱስ ማን ይሁን ማን ታውቆ! ደጅ ለሌለው ሰው ሽማግሌ አይላክም» አላቸው። ጋሼ ዲንቃም «እውነት ነው። ግን ለእርቅ የተነሳ ሽማግሌ ሳያስታርቅ ቤቱ አይገባም። ካኢ ጉርሙ፣ ተነስ!» ብለው በከዘራቸው ነካ አደረጉኝ። ወዴት ብላቸው «ደጅ ያለው ጎማ ሻጭ ዘንድ» አሉኝ።

እምቢ አልኩ። ጉልበቴን ያመኛል አልኩ። ሙከሚል ዲኤክሷ በዚያች ልሙጥ ጎማ እንኳ እዚያ ድረስ ትደርሳለች አለኝ። ሁለት ሽማግሌ ግራና ቀኝ ሲይዝሽ ምን ትያለሽ?

ኩማ ሲያየን ብድግ አለ። «ጋሼ፣ ይግቡ» አለኝ፤ አንተ ያላለኝ ከአርባው ወዲህ የመጀመሪያው ነው። መቀመጫ ስላልበቃ ጎማ እያንከባለለ አስቀመጠን። ተናገርን፤ እኔም ተናገርኩ፣ ብዙ ተናገርኩ። እሱ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዝኩት፤ የሚያመኝ ጉልበት ስለሆነ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልሽ። ከዚያ ከሱቁ ጥግ በማዳበሪያ የተሸፈኑ አራት ጎማዎች አወጣ። የዲኤክሷ ልክ ናቸው። «ለእህቴ ሙት ዓመት ይመጣሉ ብዬ ካስቀመጥኳቸው ቆየሁ» አለ። ሙከሚል አፍንጫውን ሲጠርግ አየሁት።

ሊሸጥልኝ አልፈለገም። ዋጋው አንድ ነገር ብቻ ነው አለ፤ ጎሬ ስንሄድ ፊት፣ ከእኔ ጎን ልቀመጥ አለ። ያ ወንበር የእናትሽ ነው። ከእሷ ወዲያ ማንም አልተቀመጠበትም፤ ቢሊሴን እንኳ የማስቀምጣት ከኋላ ነው። ግን ሽማግሌ ፊት ነበርን፤ ሥጋዋም ነው። ተቀመጠ። ጎሬ እስክንደርስ ድረስ ከበሩ በላይ ያለችውን እጀታ ጨብጦ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ነበር። ይጸልይ ይራገም እንጃለት። ዳቦው ተቆረሰ፣ ነዳያን በሉ፣ መቃብሩን አረምን።

እነዚያ የእሽቅድድም ጎማዎች ግቢ ውስጥ ናቸው፤ አንዱ ውስጥ ዶሮ ገብታ ታቅፋበታለች። ቢሊሴ ስልኳ ላይ ልትሸጣቸው አውጥታቸዋለች፤ ሰው ሁሉ የመጨረሻ ዋጋ ይላል እንጂ አይመጣም። ደጃችን የት እንደሆነ ጻፊላቸው፣ መጥተው ያንኳኩ ብያታለሁ።

ስንመለስ ግን አንድ ነገር ሆነ። የጎሬ ጉም ወረደና መንገዱን እንደ ጋቢ ሸፈነው። እኔም ለጥንቃቄ ብዬ ቁልፉን ለኩማ ሰጠሁትና በእናትሽ ወንበር ተቀመጥኩ። እሱ መሪውን ይዞ መቱ አስገባን። ግቢ ስንደርስ ግን ለቢሊሴ ቀስ ብሎ «ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ጉም የሚባል አልነበረም» ሲላት ሰማሁት። ሰውዬው እንዲያ ያለ ጉም ካላየ ዓይኑ ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው። አንቺ ነርስ ነሽና የዓይን ሐኪም የት እንደሚሻል ጻፊልኝ። ለእሱ ነው የምጠይቅሽ። ብቻውን እንዳይፈራ እኔም አብሬው ገብቼ እታያለሁ።

ለሜሳን ሰላም በዪልኝ፤ ሴናን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። የለሜሳ እናት እናንተ ጋ ከሆኑ ጤና ይስጥልኝ ብሏል በያቸው። ቢሊሴ፣ ጋሼ ዲንቃና ሙከሚል ሰላም ብለውሻል። ኩማም ብሎሻል፤ እዚሁ አጠገቤ ቆሞ «ፊደሉን ያተልቁት» እያለ ያደርቀኛል።

አባትሽ ጉርሙ
መቱ፣ ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.