ለቅሶ ላይ የተመዘዘው መጫወቻ

ከእናትህ ከፈንታነሽ ይድረስ ለልጄ ለአካለ ወልድ። በዚያ በሩስያ ብርድ የቢቸናው ጊዮርጊስ ይሸፍንህ።

እኛ ለጥቂት ተረፍን። አጎትህ መንግስቴ ሞጣ ላይ አረፉ፤ ነፍስ ይማር። አባትህ ጠመንጃቸውን መንግሥት ከወሰደባቸው ወዲህ ሆድ ብሷቸዋል። «ወንድሜን ባዶ እጄን አላለቅሰውም፤ መጫወቻ መሆኑን ከሩቅ ማን ይለየዋል?» ብለው ለእህትህ ልጅ የላክኸውን መጫወቻ ሽጉጥ ታጥቀው ሄዱ። ለቅሶው መሐል መዘው ሲፎክሩ፣ አብዮት ጠባቂዎቹ እውነተኛ መስሏቸው ጠመንጃ አቀባበሉባቸው። «የልጅ መጫወቻ ነው!» ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ! ከአባትህ እጅ ነጥቄ በጥርሴ ስሰብረው ነው ያመኑኝ።

ለልጁ ኳስ ላክለት፣ የኔ ጌታ። አባትህ ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። እመቤቴ በሰላም ስታመጣህ፣ እባክህ በር አታንኳኳ፤ ከአጥር ውጭ ሆነህ «እማ» ብለህ ተጣራ።