ዓሣው፣ ጣሪያውና ሮቦት እንዳይገባበት የተከለከለው ደጃችን

ለተከበሩ ሲ ዙሄር ቤን ሳልሃ
የዳር ነዋር የአበባ ውኃ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ናቡል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለእመቤት ላላ ሱንዱስ፣ ለልጆችዎና በቅርቡ ከውጭ አገር ለመጣው ተዟዟሪ የቢሮ ወንበርዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔም በአላህ ቸርነት ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከሚያሰማው ድምፅ በቀር የሚያማርረኝ የለም። እንዲያውም ይህን የምጽፈው በጣም ደስ ብሎኝ ነው፤ ለምን ደስ እንዳለኝ መጨረሻው ላይ ስለምነግርዎ እባክዎ እንደ ሌሎቹ ማመልከቻዎች መካከል ላይ አይተዉኝ።

ናጂያ ብንት ሚሉድ ነኝ። ስሜን ባያስታውሱት አልቀየምም፤ ከሽያጭ መስኮቱ ኋላ ተቀምጬ ስልክ የማነሣው፣ እርስዎም በኮሪደሩ ሲያልፉ ድምፄን እንድቀንስ በእጅዎ የሚያመለክቱኝ ሴት ነኝ። የተማርኩት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ብቻ ስለሆነ፣ የሰዋስው ግድፈት ቢያገኙ በቀይ ብዕር አክብበው ቢመልሱልኝ እንደ ስጦታ እቆጥረዋለሁ።

ባለፈው ስብሰባ እንደነገሩን፣ የዘንድሮው አበባ ተለቅሞ ሲያበቃ ቦርዱ ተቀምጦ አበባው የሚነጠርበት የመዳብ ጋኖቹ አዳራሽ የጎብኚ ማሳያ እንዲሆን፣ አንጣሪዎቹ ሴቶችም በክብር እንዲሸኙ ይወስናል። ምክንያቱንም ሳይሸሽጉ አስረድተውናል፤ «የሚጠይቀን ሰው የለም» ብለዋል። እኔም ከዚያን ዕለት ጀምሮ ያንን የማይጠይቀንን ሰው ስፈልገው ከረምኩ፤ አገኘሁትም። ሰውዬው ሲጠይቅ ነው የከረመው። መልሱን የነፈግነው እኛ ነን። እንዴት እንደሆነ በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ድረ ገጻችን ውበት። የተመረቀ ዕለት ሁላችንም እልል ብለናል፤ ዛሬም ውበቱን የሚክድ አንደበት ይታሰር። የባለቤትዎ ወንድም፣ ሠዓሊው ሲ ሙንሲፍ፣ ስለ ውኃችን የሚባለውን ሁሉ ከዋጋው እስከ አድራሻው በዚያ በተባረከ እጁ በሸምበቆ ብዕር ከተበልን። ጽሑፉ ፎቶ ተነሣ፤ ፎቶው ድረ ገጹ ላይ ተሰቀለ፤ የሰው ዓይን እንዳይበላን ደግሞ ከፊቱ ያ ትልቁ ሰማያዊ ዓሣ ተጋረደ። ጎብኚው ዓሣውን በጣቱ ደጋግሞ ካልነካካው የጋረደውን አይገልጥለትም። በናቡል ዓሣ ያልተሳለበት ደጃፍ እንደሌለ አውቃለሁ፤ የእኔም በር ላይ አለ። ነገር ግን ወደ እኔ ቤት የሚገባ ሰው መጀመሪያ ዓሣውን ማባበል አይጠበቅበትም። የሆነው ሆኖ ከሰው ዓይን ስለጠበቁን አመሰግናለሁ፤ ጥበቃው እጅግ ከመሥመሩ የተነሣ ማንም ሳያየን ከርመናል።

ሁለተኛ፤ ስለ ላላ ወሲላ። ላላ ወሲላ ስፋክስ ከተማ ውስጥ በአበባ ውኃ የሠርግ ጣፋጭ የምትሠራ፣ ሟች አማቷ ከእኛ ውኃ ሌላ ቤቷ አስገብታ የማታውቅ ሴት ናት። አማቷ ስልካችንን በቃሏ ታውቀው ነበር፤ ቁጥሩንም ይዛው ሄደች። ላላ ወሲላ ታዲያ ዛሬ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ስልኳን አወጣችና ያንን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ማሽን እንደ ጎረቤት ጠየቀችው፤ ዳር ነዋር አሉ ወይ፣ የአበባ ውኃስ ይሸጡልኛል ወይ አለችው። ማሽኑ መልስ ከሰማይ አያወርድም፤ ሮቦቶቹ በየድረ ገጹ እየዞሩ የተጻፈውን አንብበው ያመጡለታል። የሚያነቡትም ፊደል ነው። የፊደል ፎቶ ለእነሱ የተለሰነ ግድግዳ ነው፤ መንገደኞች ስለሆኑም ቆመው ዓሣ አይነካኩም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ በመላው ድረ ገጻችን በተራ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር ብቻ አለችን። እርስዎ ሳይሾሙ፣ የአዳራሹ ጣሪያ ዝናብ ባፈሰሰበት ክረምት የተለጠፈች ናት፤ አዲሱን ድረ ገጽ የሠሩት ሰዎች ከዓሣው ጀርባ ረስተዋት ቀረች። እንዲህ ትላለች፦ ለጣሪያ እድሳት ዝግ ነን።

ማሽኑም ያገኛትን ያችኑ አንዲት መስመር በሙሉ ቅንነት ለላላ ወሲላ ነገራት፤ እንዳትቸገርም ብሎ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሽቶ የሚያሽጉትን ሰዎች ጠቆማት። ከእነሱ ገዛች። የገዛ ልጇ ቀለበት ዕለት የቀረበው የለውዝ ጣፋጭ ሳሙና ሳሙና አለ፤ የሙሽራው እናት አንዴ ቀምሳ በጨዋ ደንብ ሳህኑ ጠርዝ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ላላ ወሲላ የቀድሞውን ቁጥር ከአማቷ ሣጥን በርብራ አግኝታ ስትደውል፣ የመጀመሪያ ቃሏ «ላላ ናጂያ፣ አላችሁ እንዴ?» የሚል ነበር። አለን አልኳት። «ታዲያ ያ ጣሪያ ምን ቢሆን ነው እስከ ዛሬ የማያልቀው?» አለችኝ። ጣሪያው ካለቀ ቆየ ያልኳት ከኀፍረት የተነሣ ድምፄን ቀንሼ ነው፤ በኮሪደሩ ሲያልፉ ሰምተውኝ ቢሆን ኖሮ ደስ ይልዎት ነበር።

ሦስተኛ፤ ይህንኑ ላስረዳ ቢሮዎ የመጣሁ ዕለት ስለሆነው። ዓይነ ስውሩን ሲ ኸሚስን ይዤ መምጣቴን ያስታውሳሉ፤ የሰፈራችን የዓይነ ስውራን ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው፤ ስልካቸው ደግሞ ገጹን እየተናገረ ያነብላቸዋል። እሳቸው በዚያው ሰሞን እኛ ዘንድ የመጡት ሊያጽናኑን ነበር። ስልካቸው ድረ ገጻችን ላይ «ሥዕል፤ ሥዕል፤ ሥዕል፤ ለጣሪያ እድሳት ዝግ ነን» ብሎ ስላረዳቸው፣ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው «አይዟችሁ፣ ቤት ይፈርሳል ይሠራል» እያሉ ገቡ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው። ሴቶቹ ጋኑን ጥለው እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ፤ በኋላ ግን ሳቁን ያቆሙት አንድ ላይ ነበር።

እኔም እሳቸውን ወንበር ላይ አስቀምጬ ነገሩን ዘርዝሬ ስጨርስ፣ እርስዎ በዚያ በሚያምረው ወንበርዎ ዞር ብለው «ላላ ናጂያ፣ ዓይን ያለው ያየዋል» አሉኝ።

ሲ ኸሚስም ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በዝግታ እንዲህ አሉ፦ «እኔ ልጄ፣ እዚህ ቤት በአፍንጫዬ ነው የምመጣው። ድረ ገጽህ ግን አይሸትም።»

ጸሐፊዎ በዚያች ቅጽበት ሳል እንደያዛት ልብ ብለዋል። ሳል አልነበረም።

አራተኛ፤ ስለ ወሰዱት ፈጣን እርምጃ። አቤቱታዬን ሰምተው ዝም አለማለትዎን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያችን የጣሪያ መስመር አስጠፍቶ፣ የውኃውን ዓይነትና አድራሻውን በተራ ፊደል አስጽፎ ይገላገል ነበር። እርስዎ ግን ነገሩን ከሥሩ አጠኑት፤ ሮቦቶች ምስጢራችንን ሊሰርቁ ነው ብለው ማንኛውም አንባቢ ማሽን ወደ ድረ ገጻችን እንዳይገባ ደጃፉ ላይ ክልከላ አስለጠፉ። ክልከላው ሲገለጥልኝ ግን አጥር ሳይሆን ማስታወቂያ ሆኖ አገኘሁት፤ ጨዋው ሮቦት አንብቦ ተመልሶ ይሄዳል፤ ሌባው አያነብም፣ ይገባል። በዚህም ጨዋውን እንግዳ አባረን ለሌባው ቤቱን ለቀቅንለት። ጨዋው ደግሞ ተመልሶ አይቶ የሚያርመው ስለሌለው፣ ስለኛ የሚያውቀው ያችኑ የድሮዋን ጣሪያ ብቻ ሆኖ ቀረ።

የሚጠበቀው ምስጢርስ ምንድን ነው? አበባ፣ ውኃ፣ ለዘብ ያለ እሳትና ጋኑን እያየች ወሬ የማትጨርስ ሴት። ይህንን በናቡል የማያውቅ አንድም ቤት የለም። ጌታዬ፣ በዚህ አገር የወቅቱ የመጀመሪያ የአበባ ውኃ ሲነጠር ደጃፍ ላይ ይረጫል፤ አበባው እስኪያልቅም ያ በር አይዘጋም፤ ሽታው የመንገደኛውም ነውና። አያትዎም በራቸውን አይዘጉም ነበር ይባላል፤ እርስዎ ምናልባት ያን ጊዜ ትምህርት ላይ ነበሩ።

አምስተኛው ስለ ኮሪደሩ አምፖል ነበር፤ ለእሱ ሌላ ቀን እመለሳለሁ።

የምለምነው ብዙ አይደለም። የጣሪያዋ መስመር ትነሣ፤ ጣሪያው እኮ ካለቀ ዘመን አልፎታል። የሲ ሙንሲፍ እጅ ጽሑፍ በክብር በቦታው ይኑር፤ ከሥሩ ግን ያው ቃል በተራ ፊደል ይጻፍ፤ የሥዕሉም ትርጉም ለሲ ኸሚስ ስልክ ይነገረው። ክልከላው ይውረድ። ዓሣውም ይኑር፤ እንደ ማንኛውም የናቡል ዓሣ በሩ ጎን ላይ ይኑር እንጂ በሩን አይሁን። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀን ከጠፋ፣ የጋኖቹን አዳራሽ እኔ ራሴ ጠርጌ ቁልፉን አስረክብዎታለሁ።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየጠየቅኩ፣ አርቆ አሳቢነትዎ እንደ ዓሣው የሚጋርደን፣ ትዕግሥትዎ እንደ ጣሪያው እድሳት የማያልቅ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ድምፄን ቀንሼ እፈርማለሁ።

አክባሪዎ
ናጂያ ብንት ሚሉድ
ከሽያጭ መስኮቱ ኋላ

በኋላ የተጨመረ፦ ደስታዬን እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር፤ ያን ስጽፍ ሲ ኸሚስ ደብዳቤዬን ሊያወጡልኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር፣ ዛሬ ግን ደስታዬ እጥፍ ሆነ። ይህን ደብዳቤ ሲ ኸሚስ በማኅበራቸው ድረ ገጽ ላይ አውጥተውልኛል፤ ፊደሉ ተራ ነው፣ ዓሣ የለበትም፣ ለማንም ሮቦት በሩ ክፍት ነው። ዛሬ ጠዋት ላላ ወሲላ ደወለችልኝ፤ ያንኑ ማሽን ስለ ዳር ነዋር ደግማ ጠይቃው ኖሯል። ክፍት ናቸው አላት፤ ጣሪያው ተጠግኗል፣ አበባው አሁንም በሴቶች እጅ በመዳብ ጋን ይነጠራል፣ ስልክ የምታነሣው ላላ ናጂያ ናት፣ ሳትሰለች ታወራለች አላት። ለልጇ ሠርግ የሚሆነውን ውኃ አዘዘችን፤ ከእሷም በኋላ ስልኩ ስላላረፈ ይህችን መስመር የምጽፈው በአንድ እጄ ነው። ለቦርዱ «የሚጠይቀን የለም» የሚለውን እንዳይደግሙት ብዬ ነው። ላላ ወሲላ ነገር መጨረስ ስለማትወድ፣ ሥራ አስኪያጃቸውስ ማን ናቸው ብላ ጨምራ ጠይቃዋለች፤ ማሽኑ ወንበሩን ሳይቀር በዝርዝር ነግሯታል። ይህ ቅር ካሰኝዎት መፍትሔው በእጅዎ ነው፤ በርዎን ከፍተው የራስዎን ቃል እስኪያነብ ድረስ ስለ እርስዎ የሚያውቀው እኔ የነገርኩትን ብቻ ነው።