በስብሷል ያልኩት እንጨት

ውድ እናቴ ነስራ ቢንት ሐምዳን፣

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ከእኛ አምስት ቀን ቀድማ ከወደባችን ከሱር የምትነሳው የሙሰለም ጀልባ ታደርስልዎታለች። የሚያነብልዎ ሰው ማንም ይሁን፣ አደራ፣ አንድ ቃል እንዳይዘልብኝ ይንገሩልኝ። የሚያሳፍረኝ ቦታ ሲደርስም ድምፁን ዝቅ እንዳያደርግ። ጎረቤት ቢሰማም ይስማ።

ልጅዎ፣ ሚስቴ ዙወይና፣ ያረፈች ጊዜ ለጻፍኩልዎት ደብዳቤ የሰጡኝ መልስ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። «ልጄን የቀበርኳት ዛሬ አይደለም፤ እኔን የረሳችኝ ጊዜ ነው» ብለው አስጽፈው ነበር። እናቴ፣ ዙወይና አልረሳችዎትም። ወደ ዛንዚባር እንዳትመጣ ያደረግኋት እኔ ነኝ። የምጽፈው ይህን ለማለት ነው፤ ቀሪው እንዴት እንደሆነ ነው።

እሷ ከማረፏ በፊት በነበሩት አሥራ አንድ ዓመታት ሰባት ጊዜ ጽፌልዎታለሁ፤ ሰባቱም ደብዳቤ አንድ ነበር። «ዘንድሮም አልተሳካም፤ የጀልባዋ የታች ሳንቃ በስብሷል፤ ለከርሞ አላህ ካለ።» ጀልባዎችን ወደ እናንተ የሚነዳው የሰሜኑ ነፋስ ሲጀምር ዙወይና ዓሣ እየዘለዘለችም ቢሆን ቢላዋዋን አስቀምጣ ወደ ባሕሩ ታያለች። «ኸልፋን፣ ዘንድሮስ?» ትለኛለች። «ሳንቃው» እላታለሁ። በሌላ ሰው ጀልባ ልሂድ ስትለኝ ደግሞ «ሚስቴን በሰው ጀልባ አልልክም» እያልኩ እኮራለሁ።

ሳንቃው ደህና ነበር። ውሸቴ እንዲያምርልኝ ብዬ ጀልባዋን አሸዋ ላይ አወጣኋት፤ እኔው ራሴ በሰው ጀልባ ተቀጥሬ ቅርብ ቅርብ ወደቦች እመላለስ ጀመር።

ምን ፈርተህ ነው ይሉኝ ይሆናል። ከእናንተ አገር የሚመጡ መርከበኞች ደጃችን ቆመው በቋንቋችሁ ሲያናግሯት ዙወይና ሌላ ሴት ትሆን ነበር። ከእኔ ጋር አፏን በእጇ ሸፍና ነው የምትስቀው፤ ከእነሱ ጋር ግን ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ያን ሳቅ አንድ ቀን ከጓዳ ሆኜ ሰማሁና «ይቺ ሴት እናቷ ቤት ከገባች አትመለስልኝም» አልኩ። ለማንም አልተነፈስኩም። በቀን አምስት ጊዜ ሶላት ስቆም ለአላህ ስንቱን ነግሬዋለሁ፤ ይህችን ብቻ እዘላት ነበር፤ እሱ የማያውቃት ይመስል።

እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሲሞላ፣ ቢያንስ የልጅ ልጅዎን ሸምሳን ላሳይዎት ብዬ ጀልባዋን ለማደስ ተነሳሁ። ሽማግሌውን የጀልባ አናጢ ዑበይድን ጠራሁት።

«ከየት እንጀምር?» አለኝ።

«ከታች ሳንቃ።» ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አፌ ለምዶት ይሆናል።

ዑበይድ በርከክ ብሎ በመዶሻው መታ መታ አደረገው። ደህና እንጨት ሲመቱት ይጮሃል፤ ይሄ እንደ ረጠበ ከረጢት ዝም አለ። መሮውን ቢሰድበት እስከ እጀታው ገባ። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች እርጥብ አሸዋ ሲበላው ኖሮ፣ የበሰበሰው ልክ እኔ በስብሷል ስል የኖርኩት ቦታ ነው።

«አንተ ኸልፋን» አለኝ ሽማግሌው፣ መሮውን እየጠረገ፣ «ይሄ እንጨት ስታማው ሰምቶ ነው።»

ልስቅ ሞክሬ አልሆነልኝም። «ደህና እንደነበር ታውቅ ነበር እንዴ?» አልኩት።

«ከባሕር ስትወጣ ያየኋት እኔ አይደለሁ? ሳንቃዋ ብረት ነበር። ለሚስትህም ብረት ነው ብያታለሁ።»

«መቼ?»

«ኧረ ቆየ። እዚሁ መጥታ ‹አባባ ዑበይድ፣ እውነት ጀልባችን ታማለች?› አለችኝ። እኔ እንግዲህ ውሸት አልችልበትም፤ ነገርኳት። ትንሽ ቆመችና ‹እንደጠየቅኩዎት አይንገሩት፤ ፈርቶ ነው፤ ይለፍለት› ብላኝ ሄደች።»

እናቴ፣ ይህን የምነግርዎ ይቅር ብላኝ ነበር ብዬ ልጽናናበት አይደለም። ብዙ ቀን አገላብጬ አስቤዋለሁ። እስኪያልፍልኝ ስትጠብቀኝ ነበር ማለት ነው። እኔ ሳያልፍልኝ እሷ አለፈች።

ሦስት አዲስ ሳንቃ ገጠምን፤ ከህንድ የመጣ እንጨት ነው። ከዚያ በዘይት የተነከረ ጥጥ በየመገጣጠሚያው መጠቅጠቅ ያዝን። እኔ ያቺ ጀልባ ጠብታ እንዳታስገባ ፈልጌ ኖሮ መዶሻውን ባለ በሌለ ጉልበቴ አወርደዋለሁ። ዑበይድ መጥቶ እጄን ያዘ።

«ሰውዬ፣ እባብ ነው እንዴ የምትገድለው? ደረቅ እንጨት እኮ ነው፤ ባሕር ሲገባ ጠጥቶ ያብጣል። መፈናፈኛ ካሳጣኸው የራሱን ምስማር ገፍቶ ይጥለዋል።»

ሁለት ቀን የጠቀጠቅኩትን ሁለት ቀን ሙሉ ስነቅልና ላላ አድርጌ ስመልስ ዋልኩ።

በእኛ በኩል ጀልባ የምትፈተነው ገና አሸዋ ላይ ሳለች ነው። ሆዷን በውሃ እንሞላዋለን፤ ከዚያ በውጭ እየዞርን ያለቀሰችበትን ቦታ በከሰል እንከብበዋለን። ከሰሉን የያዘችው ሸምሳ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ባለትዳር ናት፤ ምላሷ ግን ከማንም ጋር አልተጋባም። ጎንበስ ብላ እየከበበች ድንገት ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ ጀልባዋ ብረት ነበረች ሲል ዑበይድን ሰምቼዋለሁ። ታዲያ እማዬ ያን ያህል ስትናፍቅ ለምን አልሄደችም?»

ልዋሽ እችል ነበር፤ ልምዱ አለኝ። ግን ያቺ ጀልባ ፊቴ ቆማ በየጎኗ እያንጠባጠበች አፌ እምቢ አለኝ። ለእርስዎ አሁን የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት።

አልጮኸችብኝም። ዞራ ጨረሰችና «ሠላሳ አንድ ቦታ» አለች፤ ሌላ ምንም። ሦስት ቀን ሙሉ ምግቤን እያስቀመጠች ሳታናግረኝ ትሄድ ነበር። በአራተኛው ቀን ከጁምዓ ሶላት ስመለስ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ለአያቴ ጻፍላት።»

«ስንደርስ በአፌ እነግራታለሁ።»

«አንተ? አንተ ስንደርስ ስለ ዓሣ ዋጋ ነው የምታወራላት።»

እውነቷን ነው።

«ሳትጽፍ አልሳፈርም፣ አባዬ። እማዬን እንደተቀየመች እጇን ልስም አልሄድም።»

ይኸው ጻፍኩ። ፊደሌ እንደሚንገዳገድ አውቃለሁ፤ ቁርኣን ቤት ከቆየሁበት ሁለት ዓመት ውጪ የተማርኩት የለም። ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። በመጀመሪያው «ሁኔታዎች አልፈቀዱም» የሚል ገብቶ ነበር፤ ሸምሳ አንብባው መልሳ አስታቀፈችኝ።

ጀልባዋ ትናንት ባሕር ገባች። ስትገባ ከየቦታው አፈሰሰችና ውሃውን እየቀዳን ስናፈስ ዋልን። ዛሬ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ ወርጄ ሆዷን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። ጠጥታ፣ አብጣ፣ ራሷን ገጠመች። እዚያው ታች፣ እግሬን በአዲሱ ሳንቃ ላይ አድርጌ፣ ያቺን ስዘላት የኖርኩትን ነገር ለአላህ ነገርኩት። ከዚያ ሸራውን ሊሰቅሉ ሲጣሩ ወጣሁ።

ተምርና የደረቀ ዓሣ እንጭናለን። ሸምሳና ባሏ ከእኔ ጋር ናቸው። አላህ ካገራልን ይህ ከደረሰዎት በኋላ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ወደባችሁ እንገባለን።

እንግዲህ ለይቅርታ አይቸኩሉ። እኛን የሚያመጣው ነፋስ አይመልሰንም፤ የደቡቡ እስኪነሳ፣ እስከ ሚያዝያ፣ እዚያው ነን። ሦስት ወር ሙሉ ሊቆጡኝ ይችላሉ፤ የትም አልሄድም። ሸምሳ ቀድማ ትግባልዎት፤ ስለ እናቷ የሚጠይቋትን ሁሉ ይጠይቋት። እኔ ጀልባዋ ላይ እቆያለሁ። የሚሉኝን ሲያዘጋጁ፣ ስድብም ቢሆን፣ ሰው ይላኩብኝ፤ እመጣለሁ።

ልጅዎ ብዬ ለመፈረም ፈቃድዎን እስካገኝ፣

የዙወይና ባል
ኸልፋን