የሚራክል አዲስ እንግዳ

ለውድ ልጄ ስምረት፣ ጋምቤላ።

በዚያ ሙቀት ጤናሽን የሚጠብቅልኝ አምላክ ይመስገን። እኔም በገላን ኮንዶሚኒየም ደህና ነኝ።

ልጅሽ ሚራክል በኮምፒውተር ውስጥ ባለ ዓለም፣ እርሷን ወክሎ በሚንቀሳቀስ ምስል ልብስ እያሳየች ሞዴል ሆናለች። ዝናዋ አላኮራትም፤ እዚያ ለሚመጡ ለማታውቃቸው ጀማሪዎች ሁሉ ብድግ ብላ «ኖር» ትላለች፣ ነጠላቸውን ታስተካክላለች። ይህን ሥርዓት ያስተማርኋት እኔ ነኝ። እነዚያ እንግዶች ምን ዋሉላት? እኔ ሳሎን ስገባ ቀና ብላም አታይ።

ስለዚህ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሐጀራ በስልኬ ላይ እኔን የሚወክል የሽማግሌ ምስል አበጁልኝ። «ጋሼ፣ አንድ ቤት ላለች ልጅ በስልክ ደጅ ይጠናል?» ብለው ሳቁብኝ።

ስሜን ለውጬ ወደዚያ ዓለም ገባሁ። ሚራክል ተነሥታ ተቀበለችኝ፤ ከግድግዳ ስጋጭም ሳትስቅ መራመድ አስተማረችኝ።

«አባባ፣ ከየት ነዎት?» ብላ ጻፈች።

«ከገላን።»

«አያቴም እዚያ ነው ያሉት! ሲያገኟቸው ሰላም ይበሉልኝ።»

እርሷ ሳሎን ነበረች፤ እኔ መኝታ ቤት።

ስትደውዪላት እንግዳው እኔ መሆኔን አደራ እንዳትነግሪያት። ነገ መቀመጥ ልታስተምረኝ ቀጥራኛለች።

በጤና ተያይተን ለመሳሳም ያብቃን።

አባትሽ፣ ወልደሰንበት