ለድልድዩ የሕያዋንን እጅ ብቻ የቆጠሩት አፈ ጉባኤ

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ከሩቅም ከቅርብም ለመጨረሻ ሽኝታቸው የመጣችሁ፤

አቶ እንደሻው ወልደ ሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሚካኤል ጎበና እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አፀደ ማሞ በኅዳር ወር 1950 ዓ.ም. ከሳጉሬ ከፍ ብላ በምትገኘው በቡርቃ ቀበሌ ተወለዱ። ሲወለዱ ያሰሙት ጩኸት ጭላሎ ተራራ ላይ ያለውን ጅብ ሁሉ አስደንግጦ እንደነበር አዋላጃቸው እስከ ዕለተ ሞቷ ስትመሰክር ኖራለች፤ የጅቦቹን ወገን ግን የጠየቀ የለም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ሳጉሬ፣ ሁለተኛ ደረጃን አሰላ ተከታትለው መምህር ሆኑ። በጮሌና በጎበሳ ለረጅም ዘመን ሥነ ዜጋ አስተማሩ። ዛሬ በአርሲ ደጋ ወንበር ላይ ከተቀመጠው ባለሥልጣን ግማሹ በእርሳቸው እጅ ያለፈ ነው፤ ሌላውም ግማሽ ቢያልፍ ኖሮ ይሻለው ነበር። "መንግሥት ከላይ የሚወርድ ዝናብ አይደለም፤ ከታች የሚወጣ ጭስ ነው። እሳቱን ያላነደደ ጭስ አይጠብቅ" ይሉ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ከወ/ሮ መሰረት በዛብህ ጋር በተክሊል ተጋብተው ጌትነትንና ሄለንን አፍርተዋል።

ጡረታ ቢወጡም ቤት መዋል አልሆነላቸውም። ነዋሪው መርጧቸው የቀበሌው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የነሣቸው አንድ ነገር ነው፤ ወንዛችን ድልድይ የሌለው መሆኑ። ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ቀበሌውን ለሁለት ይከፍለዋል። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የምክር ቤቱን አባል ወ/ሮ ቢፍቱን ከስብሰባ ሲመለሱ ወሰዳቸው። አስከሬናቸውን ከታች አግኝተን፣ እዚሁ ቀብረን አልቅሰናል።

የአሠራሩ ነገር እንዲህ ነው። የቀበሌው ምክር ቤት ካልወሰነ ጥያቄው ወረዳ አይደርስም። ወረዳው ካላጸደቀው ከዞን፣ ከአሰላ፣ መሐንዲስ አይነሣም። ጨፌውም የክልሉን በጀት ሲያጸድቅ እንዲህ ያለ ወንዝ መኖሩን በምን ያውቃል? ምክር ቤቱ ደግሞ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ካልተገኙ መወሰን አይችልም። አባላቱ ግን ገበያ ነው፣ አጨዳ ነው፣ ልቅሶ ነው እያሉ ይቀራሉ።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ስብሰባ ተጠራ። ጉሙ በመስኮት ገብቶ አዳራሹን ሞልቶት ነበር። በበሩ የገቡትን አቶ እንደሻው ቆመው ተቀብለዋልና ለምልዓተ ጉባኤ አንድ ሰው እንደጎደለ ያውቃሉ። የምክር ቤቱ ጸሐፊ ቶላ "የተገኛችሁ እጅ አውጡ" ብሎ ቆጠረ፤ ሞላ። ደግሞ ቆጠረ፤ አሁንም ሞላ። የመጣውን ሁሉ ዝናቡ አበስብሶታል፤ ከኋለኛው አግዳሚ ወንበር የተነሣው አንድ እጅ ግን ደረቅ ነበር።

"ጋሼ፣ ሞልቷል እኮ፤ እንወስን" አላቸው ቶላ፣ ወደ ኋላ ላለማየት አንገቱን አቀርቅሮ።

አቶ እንደሻው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አጠለቁ። ጉሙ ውስጥ ያለውን እጅ አወቁት።

"ቢፍቱ እናቴ፣ እጅሽን አውርጂ" አሉ። "አንቺ ድርሻሽን ተወጥተሻል። የቀረው የእኛ ነው።"

እጁ ቀስ ብሎ ወረደ። ጉሙ ሲገፈፍ አግዳሚው ባዶ ነበር።

ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። ውጭ ሲወጡ አንዱ "በአንድ እጅ ድልድዩን አፈረሱት" ብሎ አጉረመረመ። እርሳቸውም "በሙት ድምፅ የተሠራ ድልድይ ወዴት እንደሚያሻግር ታውቃለህ?" ብለው ጠየቁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ክረምት ሁሉ በጉምና በጭቃ ከቤት ቤት እየዞሩ "ስብሰባ አለ፣ ኑ" ሲሉ ከረሙ። አንዱ "እሺ ጋሼ" ይላል፤ ይቀራል። ሌላው በሩን ይዘጋል። ብርዱ ደረታቸው ውስጥ ገባ። አሰላ ተወስደው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ ላይ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

የዚያን ዕለት ጠዋት የሆነውን ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። አስከሬናቸው ገና ከአሰላ ሳይነሣ፣ የእድሩም ጥሩንባ ሳይነፋ፣ የምክር ቤቱ አባላት አንድ በአንድ ከጉሙ እየወጡ ግቢያቸው ደረሱ። አንድም የቀረ የለም። ዓመት ሙሉ ከገበያ ተነሥተው የማያውቁት ነጭ ሽንኩርት ነጋዴዋ ወ/ሮ ሙቢና ሳይቀሩ መጡ። ልቅሶውን ሲሰሙ ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ።

"እኔ ለስብሰባ ነው የመጣሁት" አሉ። "ጋሼ እንደሻው ራሳቸው በሬን አንኳኩተው 'ሙቢና፣ ሽንኩርቱ ይደርሳል፤ ተነሺ' አሉኝ። ጫማቸው እንኳ ጭቃ አልነካውም።"

ሌሎቹም ያሉት ይህንኑ ነው። ስብሰባ የጠራ የለም ብንላቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ እንጂ ወደ ቤቱ የተመለሰ አልነበረም።

አቶ እንደሻው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ወንዝ በማይከፍለው አገር ያኑርልን፤ ለወ/ሮ መሰረትና ለልጆቻቸው፣ ለወዳጅ ዘመዶቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

የሞተ ሰው እጅ አያወጣም ብለው የበየኑት እርሳቸው ናቸው። መጥራት ግን ድምፅ መስጠት አይደለምና ሕጉ አልከለከላቸውም። ስለዚህ የምክር ቤቱ አባላት ከቀብር መልስ ከድንኳኑ እንዳትወጡ፤ ሁላችሁም በሕይወት እያላችሁ ቶላ ይቆጥራችኋል።